በጎ ፈቃዱ የእናንተ፣ ወጪውስ የማን?

(በውጭ አገር በግብረ ሰናይ ድርጅቶች ውስጥ መሥራት ለሚፈልጉ ወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ። ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ።

በዚህ ጉዳይ የሚያነጋግሩኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ «እንዴት ልግባ?» ብለው ነው። የትኛው ድርጅት ይቀበላል፣ ሲቪው ምን ይምሰል፣ የማንን የድጋፍ ደብዳቤ ላያይዝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እመለስበታለሁ። ዛሬ ግን ከሱ የሚቀድመውን፣ እምብዛም ሰው የማይጠይቀውን ላስቀድም፦ ወጪው የማን ነው?

በጎ ፈቃደኛ በነፃ ይሠራል እንላለን። ደመወዝ አይቀበልም ማለታችን ከሆነ ልክ ነው። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሰው ቲኬት ይቆረጥለታል፤ ማደሪያ ይፈለግለታል፤ ቢታመም መታከሚያ ያሻዋል፤ ቋንቋውን ካልቻለ የሚያስተረጉምለት ይመደብለታል። ሥራውን የሚያሳየው ሰው ደግሞ የራሱን ሥራ አስቀምጦ ነው የሚያሳየው። ይህ ሁሉ የሆነ ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል። አንዳንዴ በራሳችሁ ኪስ ላይ፣ አንዳንዴ በለጋሽ ላይ፣ አንዳንዴ በተቀባዩ ድርጅት ላይ፤ ሲከፋ ደግሞ ልንረዳቸው ሄድን በምንላቸው ሰዎች ላይ። እኔ አንድ ፕሮግራም ጥሩ ነው ወይስ አይደለም ብላችሁ ብትጠይቁኝ መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ነው። ድረ ገጹ ላይ ያሉትን ፈገግ ያሉ ፊቶች አላይም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1920 ስዊዘርላንዳዊው ፒየር ሴረዞል፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የፈራረሰችን፣ ቬርደን አጠገብ ያለችን አንዲት የፈረንሳይ መንደር መልሶ ለመገንባት ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ ጥቂት ሰዎችን ይዞ ገባ። ከመካከላቸው ትናንት ጠላት የነበሩት ጀርመኖች ይገኙበታል። የዛሬው ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃድ ድርጅት፣ ሰርቪስ ሲቪል ኢንተርናሲዮናል፣ የተወለደው ከዚያ ነው። ሐሳቡ እጅግ ያማረ ነበር፤ ነገር ግን ጀርመኖቹን በመቀበል ላይ ተቃውሞ ተነሣ፣ ሥራውም ከወራት በኋላ ተቋረጠ። ይህን ታሪክ የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። ጠጠር የሚሸከመው ሰው ልቡ ንጹሕ ቢሆንም፣ ቤቱ የፈረሰበት ሰው «ያንተን እርዳታ አልፈልግም» የማለት መብት እንዳለው ገና ከመጀመሪያው አሳይቷል።

በ1958 እንግሊዛዊው አሌክ ዲክሰን ከባለቤቱ ከሞራ ጋር በጎ ፈቃደኞችን ወደ ውጭ የሚልከውን ቪኤስኦን ሲያቋቁም የላካቸው ወጣቶች ትምህርት ቤት የጨረሱ፣ ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ ልጆች ነበሩ። ዛሬ ያው ድርጅት እንደዚያ ያሉ ልጆችን ብቻቸውን አስተማሪ አድርጎ አይልክም፤ ከአገር አገር የሚንቀሳቀሱት ባለሙያዎች ናቸው፣ ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞቹም በገዛ አገራቸው ነው የሚያገለግሉት። በ1961 የተቋቋመው የአሜሪካ ሰላም ጓድ ደግሞ አገልግሎቱ 27 ወር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የቋንቋና የሙያ ሥልጠና ናቸው። ልብ በሉልኝ፤ ሁለት ዓመት ለሚቆይ ሰው ሦስት ወር ሥልጠና አስፈልጓል። እንግዲህ ለሁለት ሳምንት የሚሄደውን እናንተው አስሉት።

አሁን ወደ ሕጉ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እንባው እውነት አይገድም፤ የሚጎድለው ቪዛው ነው። «ደመወዝ እስካልወሰድኩ ድረስ የሥራ ፈቃድ አያስፈልገኝም» የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ ደግሞም በብዙ አገር ስሕተት ነው። የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያየው ገንዘብ ተቀበልክ ወይ ብቻ አይደለም። የአገሩ ሰው ተቀጥሮ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ እየሠራህ ነው ወይ፣ በተወሰነ ሰዓት የመገኘት ግዴታ አለብህ ወይ፣ በምላሹ ማደሪያና ምግብ ታገኛለህ ወይ እያለ ይጠይቃል። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ በአንድ ማዕከል ውስጥ ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው፣ የሚሠራው ምንም ያህል ቅዱስ ሥራ ቢሆን፣ ከአገር ሊባረርና ዳግም እንዳይገባ ሊታገድ ይችላል። ድርጅቱም ሊቀጣ ይችላል። ወጪው የማን ነው ያልኩት እንዲህ ያለውንም ይጨምራል።

አገሮቹ የተለያዩ ስለሆኑ ጥቂት ምሳሌዎችን ልንገራችሁ፤ ደንብ ስለሚቀያየር ግን ከመነሣታችሁ በፊት የኤምባሲውን ወይም የመንግሥቱን ገጽ ራሳችሁ አንብቡ። ወኪል ነኝ ባይን አትመኑ።

በብሪታንያ ጎብኚ ሆኖ የገባ ሰው በሕግ ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት በጠቅላላው ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ማገልገል ይችላል። ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ለበጎ አድራጎት ሠራተኞች የተዘጋጀ ቪዛ አለ፤ እስከ 12 ወር ያስቆያል፣ ደመወዝ ግን አይፈቅድም፣ ፈቃድ ያለው ስፖንሰር ድርጅትም ይጠይቃል። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ጉዳይ ደግሞ ረቀቅ ይላል። በዲግሪ ደረጃ የሚማር ብዙውን ጊዜ በትምህርት ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት እንዲሠራ ይፈቀድለታል። አልፎ አልፎ፣ ያለ ውል፣ ሲመቸው ለበጎ አድራጎት ድርጅት የሚያግዝ ከሆነ ከዚህ ሰዓት አይቆጠርበትም። የሥራ ሰዓት ተመድቦለት፣ ግዴታ ገብቶ የሚሠራ ከሆነ ግን ሳንቲም ባይከፈለውም ይቆጠርበታል። ሱቅ ውስጥ 20 ሰዓት እየሠራ በላዩ ላይ 10 ሰዓት «በነፃ» የሚያገለግል ተማሪ ሳያውቀው የቪዛውን ደንብ ሊጥስ ይችላል ማለት ነው። እዚያው ብሪታንያ የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ሰው ተቀጥሮ መሥራት በአብዛኛው ባይፈቀድለትም፣ ለበጎ አድራጎት ወይም ለመንግሥት ተቋም በበጎ ፈቃድ ማገልገል ይችላል። ይህን የማያውቁ ብዙዎች ናቸው። ቤት ተቀምጦ ደብዳቤ ከመጠበቅ፣ ቋንቋ የሚለመድበት፣ ነገ ምስክር የሚሆን ሰው የሚገኝበት ሥፍራ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በተማሪ ቪዛ ተምሮ የጨረሰና የአንድ ዓመቱን የተግባር ልምምድ ፈቃድ ያገኘ ሰው በድምሩ ከ90 ቀን በላይ ያለ ሥራ መቀመጥ አይፈቀድለትም። በተማረበት ሙያ፣ በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት፣ የሥራ ሕጉን ሳይጥስ ለግብረ ሰናይ ድርጅት በነፃ ቢያገለግል ግን እንደ ሥራ ይቆጠርለታል፤ ማስረጃ በእጁ መያዝ አለበት። ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ኤች ዋን ቢ የሚባለው፣ አሠሪ ለውጭ ባለሙያ የሚያመለክትበት የሥራ ቪዛ ነው። ዓመታዊው ኮታ 65,000 ሲሆን በአሜሪካ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ 20,000 ይጨመርበታል፤ ዕጣ ይወጣበታል። «ትርፍ የማይሠራ ድርጅት ከዕጣው ነፃ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሁሉም አይደለም። ነፃ የሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከነሱ ጋር የተቆራኙ ለትርፍ ያልቆሙ ተቋማት፣ እንዲሁም ለትርፍ ያልቆሙ ወይም የመንግሥት የሆኑ የምርምር ድርጅቶች ናቸው። ስደተኛ የሚያቋቁም ወይም ምግብ የሚያድል ድርጅት ከዩኒቨርሲቲ ጋር እንዲህ ያለ ትስስር ከሌለው እንደ ማንኛውም ኩባንያ ዕጣ ውስጥ ይገባል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ከኮታው ነፃ ናችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ጀርመን የተለየ መንገድ አላት። የግዴታ ውትድርናና በእሱ ፈንታ ይሰጥ የነበረው የሲቪል አገልግሎት በ2011 ሲቆሙ በሲቪሉ አገልግሎት ምትክ የፌዴራል የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ተጀመረ፤ በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ በአካል ጉዳተኞች ማዕከልና በመሳሰሉት ይሠራል። ለውጭ ዜጋም ክፍት ነው። የኪስ ገንዘብ አለው፣ የጤናና የማኅበራዊ ዋስትናው በአሠሪው በኩል ይሸፈናል። ቬልትቬርትስ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ በ2008 ሲጀመር የጀርመን ወጣቶችን ወደ ውጭ ብቻ ይልክ ነበር፤ ከ2013 ጀምሮ ከታዳጊ አገሮች ከ18 እስከ 28 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ወደ ጀርመን ማምጣትም ጀምሯል። ይህን ጉዳይ ሳነሣ ደስ የሚለኝ እውነታ ነው፤ የሚረዳው ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አይመጣምና። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሚደረግ አገልግሎት ከባድ ሥራ ነው፤ ሰው ማንሣት፣ ማጠብ፣ ሌሊት መንቃት አለበት። አንዳንድ ተቋማት የሠራተኛ እጥረታቸውን በርካሽ የሚሞሉበት መንገድ ሲያደርጉት ይታያል። ስለዚህ ውሉ ላይ የሥራ ሰዓቱን፣ የዕረፍት ቀኑን፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ቪዛው ከተፈታ ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ወጪውን በግልጽ የሚሸፍኑ ፕሮግራሞች አሉ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1970 የወሰነው፣ ዛሬ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ቦን የሆነው የተመድ በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም የኑሮ አበል፣ የጉዞ ወጪና መድን ይሰጣል። ዓለም አቀፍ ተብሎ የሚመደበው ሰው ዜግነቱ ከሆነበት አገር ውጭ ነው የሚያገለግለው፤ ከ18 እስከ 26 ዓመት ላሉ ወጣቶች አንድ ምድብ፣ ከ27 ዓመት በላይ ሆነው ቢያንስ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ላላቸው ሌላ ምድብ አለ። ከቤት ሳይወጡ በኢንተርኔት የሚሠራም አለ፤ ትርጉም፣ ዲዛይን፣ የመረጃ ትንተና። ሰዎች ይንቁታል፤ እኔ አልንቀውም፤ ማንንም ሳያስቸግር ሙያ የሚታይበት ስለሆነ። የአውሮፓ ኅብረት የትብብር ጓድ ደግሞ ከ18 እስከ 30 ዓመት ላሉ ወጣቶች ጉዞውን፣ ማደሪያውን፣ ምግቡንና የኪስ ገንዘቡን ይሸፍናል። ከኅብረቱ ውጭ ያሉ የተወሰኑ አገሮች ወጣቶችም ይገቡበታል።

በተቃራኒው ክፍያ የሚጠይቁ አሉ። ክፍያ ራሱ ወንጀል አይደለም። አንድ አነስተኛ ድርጅት «ማደሪያና ምግብህን ቻል፤ እኛ አቅም የለንም» ቢል ሐቀኛ ነው። የምጠራጠረው ሌላውን ነው፦ ሲቪ የማይጠይቅ፣ ከፖሊስ የወንጀል ነፃ ማስረጃ የማይጠይቅ፣ «መቼ መምጣት ይመችሃል?» ብቻ የሚል፣ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ቦታ ያለው። እንዲህ ያለ ቦታ በጎ ፈቃደኛ አይፈልግም፤ ደንበኛ ነው የሚፈልገው። ከምከፍለው ውስጥ ስንቱ ለመንደሩ ይደርሳል ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ዝርዝር የሚልክላችሁ አለ፤ የሚቆጣችሁ አለ፤ ሁለቱም መልስ ናቸው።

ከዚህ የባሰው ግልጽ ማጭበርበሩ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በቅጥር ሂደት በየትኛውም ደረጃ ገንዘብ አይጠይቅም። የማመልከቻ፣ የሥልጠና፣ የቪዛ ማስፈጸሚያ እያለ የሚጠይቃችሁ ሁሉ፣ ማኅተሙና ዓርማው ምንም ያህል ቢያምር፣ ሌባ ነው።

አሁን ረዘም አድርጌ ልናገርበት የምፈልገው ጉዳይ ላይ ደረስን፤ ሕፃናት።

ለአጭር ጊዜ ወደ ውጭ የሚሄዱ ወጣቶች አጥብቀው ከሚመርጧቸው ቦታዎች አንዱ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ሕፃን ፈጥኖ ይላመዳል፣ ያቅፋል፤ የሄደው ሰው በመጀመሪያው ቀን ጠቃሚ የሆነ ይመስለዋል። እስኪ ነገሩን ከልጁ በኩል እንየው። ልጁ ዛሬ የተላመደው ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሄዳል። ሌላ ይመጣል፤ ያም ይሄዳል። በየጊዜው የሚቀርበው ሰው የሚለየው ልጅ፣ ማንን ማመን እንዳለበት ሳይማር ያድጋል። እንግዳ ሲመጣ ሮጦ እቅፍ ውስጥ መግባቱን እኛ ፍቅር እንለዋለን፤ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ግን የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው ይላሉ።

ከዚህም የከፋ አለ። ሴቭ ዘ ችልድረን በ2009 እንዳስታወቀው በማሳደጊያ ከሚኖሩ ሕፃናት ቢያንስ ከአምስቱ አራቱ ከወላጆቻቸው አንዱ ወይም ሁለቱም በሕይወት አሉ። ታዲያ ለምን እዚያ ገቡ? አብዛኛውን ጊዜ ድህነት ነው፤ «እናስተምርላችኋለን» የሚል ሰው መጥቶ የወሰዳቸውም አሉ። ጎብኚና ከፋይ በጎ ፈቃደኛ በሚበዛበት ቦታ ማሳደጊያው ገቢ ያስገኛል፤ ገቢ እንዲያስገኝ ደግሞ ልጆች ያስፈልጉታል። ልጆቹ የተቸገሩ እንዲመስሉ ማድረግም የሥራው አካል ይሆናል፤ ጠግበው ለብሰው ቢታዩ ማን ይሰጣል? የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2019 ስለ ሕፃናት መብት ባሳለፈው ውሳኔ በጎ ፈቃደኝነትና ቱሪዝም በማሳደጊያዎች ላይ የሚያስከትሉትን ጉዳት በስም ያነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ወጪውን የከፈለው ወጣቱ ይመስለዋል። ቤተሰቡን ያጣው ልጅ ነው የከፈለው።

ሌላ ላስታውሳችሁ። በጥር 2010 ሄይቲ በርዕደ መሬት ስትመታ ከአሜሪካ የመጡ 10 የሃይማኖት ሰዎች 33 ሕፃናትን በአውቶቡስ ጭነው ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ለመሻገር ሲሞክሩ ድንበር ላይ ተያዙ። ለልጆቹ በቂ ሰነድ አልነበራቸውም። ወላጅ አልባ ናቸው ከተባሉት ብዙዎቹ ወላጆቻቸው በሕይወት ነበሩ። ሰዎቹ ሕፃናት የሚሸጡ ወንበዴዎች ነበሩ ብዬ አላምንም። አደጋ በደረሰበት ቦታ ሕግ የሚቆም መስሏቸው ነው። ሕግ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ያኔ ነው።

ከልጆች ጋር መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ልጅ ከቤተሰቡ ጋር እንዲቆይ የሚደግፉ፣ ልጆችን ከማሳደጊያ አውጥተው ከዘመድ ጋር የሚያገናኙ ድርጅቶች አሉ። እነሱ ዘንድ ምናልባት ልጅ አታቅፉም። ቢሮ ተቀምጣችሁ መዝገብ ታስተካክላላችሁ፣ ለማኅበራዊ ሠራተኞች ሥልጠና ታዘጋጃላችሁ። ፎቶ አይወጣለትም።

እንግዲህ «እንዴት ልግባ?» ወዳላችሁት ልምጣ።

ማመልከቻ ስታዘጋጁ የምትጽፉት «ሰውን መርዳት እወዳለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁሉም ማመልከቻ ላይ አለ። ደብዳቤዎችን የሚያነብ ሰው ዘልሎት ያልፋል። ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ሰው የሚያጡት ሒሳብ ላይ፣ ግዥና ዕቃ ግምጃ ቤት ላይ፣ ሎጂስቲክስ ላይ፣ ለለጋሽ የሚቀርብ ሪፖርት ላይ፣ የመረጃ ቋት ላይ ነው። ስፊር የሚባለው የሰብአዊ እርዳታ መመዘኛ በ1997 የተጀመረው ቅን ልብ ብቻውን ሰው እንደማያድን ስለታየ ነው። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ፣ ለ250 ሰው አንድ ቧንቧ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ፣ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር መጠለያ ይላል። መጠለያ ጣቢያ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሲደርስ ስንት ቦቴ ውኃ በቀን ስንት ጊዜ መመላለስ እንዳለበት አስልቶ፣ ነዳጁን፣ መንገዱን፣ ሾፌሩን የሚያዘጋጅ ሰው ነው የሚፈለገው። መመሪያው በነፃ ይገኛል፤ አንብቡት።

የሥራ ማስታወቂያ ለማየት የተመድ የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ የሚያስተዳድረው ሪሊፍዌብ የተባለው ድረ ገጽ ከ1996 ጀምሮ አለ። ከማመልከት በፊት ግን አንድ ወር ማስታወቂያዎችን ብቻ አንብቡ። ደጋግመው የሚጠይቁት ሙያና ቋንቋ የትኛው እንደሆነ ይገለጥላችኋል። ከእንግሊዝኛ ሌላ ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛ ወይም ስፓኒሽ የሚችል ሰው ብዙ በር ይከፈትለታል። ሐኪምና ነርስ የሆናችሁ ደግሞ የሙያ ፈቃዳችሁ በምትሄዱበት አገር ይሠራ እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። እንደ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ያለ፣ በ1971 የተመሠረተ ድርጅት ለመጀመሪያ ተልእኮ ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ወር እንድትቆዩ ይፈልጋል፤ ለቀዶ ሐኪሞች ሊያጥር ይችላል።

ወቅቱ ከባድ መሆኑን ደግሞ አልደብቃችሁም። አሜሪካ በጥር 2025 የውጭ እርዳታዋን አግዳ፣ የእርዳታ መሥሪያ ቤቷ ዩኤስኤይድም በሐምሌ 1 ቀን 2025 ሥራውን ሲያቆም በመላው ዓለም በጣም ብዙ ባለሙያዎች ከሥራ ወጡ። ትናንት የአገር ዳይሬክተር የነበረ ሰው ዛሬ ለመካከለኛ የሥራ መደብ ሲያመለክት ታያላችሁ። በ2016 ኢስታንቡል ላይ ለጋሾችና ትላልቅ ድርጅቶች በ2020 ከገንዘቡ 25 በመቶውን በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር በቀል ድርጅቶች ለመስጠት ተስማምተው ነበር። ቃላቸውን አልጠበቁም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። የውጭ ሰው የሚፈለግባቸው ቦታዎች እየጠበቡ ነው። እኔ አላዝንበትም። የአገሩ መሐንዲስ፣ ነርስ፣ የሒሳብ ባለሙያ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ለመሥራት ሰው በአውሮፕላን ማምጣት ቀድሞውንም ትክክል አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ደመወዝ ልዩነት ካልተናገርኩ ሐቀኛ አልሆንም። በአንድ ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ሥራ፣ በዓለም አቀፍ ስኬል የተቀጠረው የአገሩ ተወላጅ ከሚያገኘው ብዙ እጥፍ ሊያገኝ ይችላል። የቤት አበል፣ የልጆች ትምህርት፣ የዕረፍት ቲኬት ይጨመርበታል። አብሯችሁ የሚሠራው ሰው ይህን አያውቅም ብላችሁ አታስቡ፤ ሾፌሩም ያውቃል። ልዩነቱን እናንተ አልፈጠራችሁትም፤ አንድ ሰው ሆናችሁም አታስቀሩትም። ግን ስብሰባ ላይ የማን ሐሳብ እንደሚጻፍ፣ ሪፖርቱ ላይ የማን ስም እንደሚወጣ፣ የደኅንነት ችግር ሲመጣ መኪናው ማንን ይዞ እንደሚወጣ ስትወስኑ ልዩነቱን ልታሰፉት ወይም ልታጠቡት ትችላላችሁ።

መኪናው ማንን ይዞ ይወጣል ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። በነሐሴ 19 ቀን 2003 ባግዳድ ውስጥ የተመድ መሥሪያ ቤት የነበረው ካናል ሆቴል በቦምብ ሲመታ በኢራቅ የተመድ ልዩ ልዑክ የነበረውን ሰርጂዮ ቪዬራ ዴ ሜሎን ጨምሮ 22 ሰዎች ሞቱ፤ ዛሬ የዓለም የሰብአዊነት ቀን የሚከበረው በዚያ ዕለት ነው። ከዓመት ዓመት ከሚገደሉት የእርዳታ ሠራተኞች አብዛኞቹ የየአገሩ ተወላጆች ናቸው። የውጭው ሰው ሲወጣ እነሱ ይቀራሉ።

በሌላ በኩል ድርጅት ለላከው ሰው ኃላፊነት አለበት። በ2012 ኬንያ ውስጥ በዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ከታገቱት የኖርዌይ የስደተኞች ምክር ቤት ሠራተኞች አንዱ ድርጅቱን ከሰሰ፤ በ2015 የኦስሎ ፍርድ ቤት ድርጅቱ ከባድ ቸልተኝነት ፈጽሟል ብሎ ካሣ ፈረደለት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ድርጅቶች የደኅንነት መመሪያቸውን ፈትሸዋል። እናንተም የመድን ውሉን ግልባጭ ጠይቁ። ጦርነትን ይሸፍናል? ሕክምና ወዳለበት አገር ያወጣል? በጎ ፈቃደኛን እንደ ሠራተኛ ይቆጥራል ወይስ አይቆጥርም? ብዙ ፖሊሲዎች የግጭት ቦታን ከሽፋን ውጭ ያደርጋሉ፤ ይህም የሚጻፈው መጨረሻ ገጽ ላይ ነው። ተመድ ለሠራተኞቹ ግዴታ ያደረገው ቢሴፍ የተባለ የኢንተርኔት ሥልጠና በነፃ ይወሰዳል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱት።

ስለ ሥነ ምግባር አጭር ልሁን፤ ነገሩ የሚያከራክር አይደለምና። የተመድ ዋና ጸሐፊ በ2003 ያወጡት መመሪያ ከ18 ዓመት በታች ካለ ሰው ጋር የወሲብ ግንኙነትን፣ እንዲሁም ገንዘብ፣ ሥራ ወይም እርዳታ በወሲብ መለወጥን ይከለክላል። የአገሩ ሕግ ቢፈቅድም እንኳ። የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ሠራተኞቹ ሄይቲ ውስጥ በፈጸሙት የወሲብ በደል በ2018 ሲጋለጥ ከታዩት ችግሮች አንዱ በአንድ ድርጅት የተባረረ ሰው በሌላ ድርጅት በቀላሉ መቀጠሩ ነበር። ከ2019 ጀምሮ ድርጅቶች ስለ ቀድሞ ሠራተኞቻቸው ጥፋት መረጃ የሚለዋወጡበት አሠራር ተጀምሯል። ስለዚህ የቀድሞ አለቃችሁን ሲጠይቁና የወንጀል ማስረጃ ሲያስመጧችሁ አትከፉ። ይልቅ ምንም ሳይጠይቁ ከሕፃናት ጋር የሚያሠማሯችሁን ፍሩ።

አንድ ነገር ጨምሬ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሄዳለን። ቃለ መጠይቅ ላይ «ጥያቄ አለህ?» ሲባል ሰው ስለ ማደሪያና ስለ ኢንተርኔት ይጠይቃል። እናንተ ግን «ይህን ሥራ ከእኔ በፊት ማን ይሠራው ነበር? እኔ ስሄድስ ማን ይረከበዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚረከበው የአገሩ ሠራተኛ ስም ካለ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ከእሱ ጋር እንድትሠሩ ጠይቁ፤ ፋይሉን በሚገባው ቋንቋ፣ በሚደርስበት ቦታ አስቀምጡ። መልሱ «ሌላ በጎ ፈቃደኛ እናመጣለን» ከሆነ፣ ሥራው ለምን የደመወዝ መደብ እንዳልተፈቀደለት ጠይቋቸው። በጀት የለንም ይሏችሁ ይሆናል። ያኔ ለእናንተ ቲኬት፣ ማደሪያና መድን የሚወጣው ስንት እንደሆነ ጠይቁና፣ በዚያ ገንዘብ አንድ የአገሩ ሰው ለስንት ወር ሊቀጠር እንደሚችል አብራችሁ አስሉ።